የተዘጋ አፍ እንዴት ይከፈታል?

ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ የጥናት ትምህርት

በዚህ ትምህርታችን የምንመለከተው በበሽታ የተበላ ጉንጭና ከንፈር በቀዶ ሕክምና እንዴት እንደሚጠገን ነው። ነገሩ የሐኪሞች ብቻ ጉዳይ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ሥራው ከቀዶ ጥገናው ክፍል በፊት ብዙ፣ ከቀዶ ጥገናውም በኋላ ብዙ የሚሠራ ሰው ይፈልጋል። ያም ሰው በጭሮ፣ በገለምሶ ወይም በሂርና የምትኖሩ እናንተ ናችሁ።

በአንድ ምሳሌ እንጀምር። ከበዴሳ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች የ16 ዓመት ልጃገረድ ጭሮ ገበያ ውስጥ ተቀምጣለች እንበል። ሻሿን እስከ ዓይኗ ሥር ስባ አስራለች። ሰው ሲያናግራት ፊቷን ታዞራለች። ቤት ውስጥም ከእኅትና ከወንድሞቿ ጋር ከአንድ ትሪ አትበላም፤ ምግቡ በጉንጯ ቀዳዳ ስለሚወጣ ጓዳ ገብታ ብቻዋን ትመገባለች። መንጋጋዋ ስለ ተቆለፈ የላመውን ብቻ በጣቷ እየገፋች በጥርሷ ክፍተት ታስገባለች። ጎረቤት “እርግማን ነው” ይላል። እናቷ ግን ልጅቷ በሦስት ዓመቷ ኩፍኝ ከያዛት በኋላ ድዷ እንደ ቆሰለና ጉንጯ እንደ ጠቆረ አትረሳም።

ይህች ልጃገረድ ለትምህርት የቀረበች ምሳሌ ናት እንጂ የአንዲት የታወቀች ሰው ታሪክ አይደለችም። በሽታው ግን እውነተኛ ነው፤ ጥገናውም እውነተኛ ነው።

1. በሽታው ምንድን ነው?

በሽታው ኖማ ይባላል። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ ከብት ሣር እንደሚግጥ ሥጋን እየበላ የሚሄድ ቁስል ማለት ነው። መነሻው ድድ ላይ ነው። ድዱ ያብጣል፣ ይደማል፤ የሕፃኑ አፍ መጥፎ ሽታ ያመጣል፤ ምራቁ ይዝረከረካል፤ ምግብ እንቢ ይላል። በዚህ ጊዜ ካልታከመ ጉንጩ ያብጥና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠቁራል። የጠቆረው ሥጋ ሞቷልና ይረግፋል፤ ከእርሱም ጋር ከንፈር፣ ጥርስ፣ አንዳንድ ጊዜም የመንጋጋና የአፍንጫ አጥንት አብሮ ይሄዳል።

በብዛት የሚያዙት ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ሕፃናት ናቸው። ምግብ ያነሳቸው፣ ኩፍኝ ወይም ወባ ያደከማቸው፣ ወይም በሌላ ምክንያት የሰውነታቸው መከላከያ የተዳከመባቸው ናቸው። በሽታውን የሚያመጡት ተሕዋስያን በማንም ሰው አፍ ውስጥ የሚኖሩ ዓይነት ናቸው፤ የደከመ ሰውነት ሲያገኙ ግን ይበረታሉ። ስለዚህ ኖማ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከታማሚው ጋር አብሮ መብላት፣ መተኛትም ሆነ መጫወት አያስይዝም።

በእርግማን ወይም በዘር የሚመጣ አለመሆኑንም ታሪክ ይመሰክራል። ይህ በሽታ በቀድሞ ዘመን በአውሮፓ ከተሞች የድሆችን ልጆች ይፈጅ ነበር። የሕዝቡ ኑሮና ምግብ ሲሻሻል ግን ጠፋ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ እነአውሽዊትዝንና በርገን ቤልሰንን በመሰሉ የእስረኞች ካምፖች ውስጥ ረኀቡ ሲጸና እንደ ገና ታየ። እንግዲህ ረኀብና ድህነት ባሉበት ይነሣል፤ እነርሱ ሲወገዱ ይወገዳል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ግምት በየዓመቱ 140 ሺህ ሰዎች አዲስ እንደሚያዙ፣ ከበሽታው ተርፈው ከጠባሳው ጋር የሚኖሩትም 770 ሺህ እንደሚሆኑ ገልጾ ነበር። ሕክምና ካላገኙት ሕፃናት ከመቶ 90 ያህሉ እንደሚሞቱ ይነገራል። ይኸው ድርጅት ኖማን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መዝገብ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ነው። በገበያ የምናያት ልጃገረድ እንግዲህ ከብዙዎች መካከል የተረፈች አንዲት ናት።

2. ቀዳዳውን መስፋት ብቻ ለምን አይበቃም?

ብዙ ሠራተኞቻችን ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን ታክሞ ሲመለስ አይተዋል። ያ ሕፃን ሥጋው አብዛኛው በቦታው አለ፤ ያልተገናኘውን ሐኪሙ ያገናኘዋል። ቀዶ ጥገናው አጭር ነው፤ ልጁም ብዙ ሳይቆይ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህን ያየ ሠራተኛ ኖማ ለጎዳው ሰው ቤተሰብ “እናንተም እንደዚያው ትሆናላችሁ” ብሎ ተስፋ ቢሰጥ ሳያውቅ ይበድላቸዋል። ምክንያቱም ኖማ በጎዳው ፊት ላይ ሥጋው የለም። የሌለውን ሥጋ መስፋት አይቻልም፤ ከዳር ዳር ተስቦ ቢሰፋም አፍን ያጣምማል፣ ይበልጥም ይዘጋል።

ከዚህም ሌላ ሦስት ችግሮች አሉ።

አንደኛ፣ ጉንጭ ሁለት ገጽ አለው። ውጪው ደረቅ ቆዳ ነው፤ ውስጡ ርጥብ ሽፋን ነው። ሐኪሙ የውጪውን ብቻ ሸፍኖ የውስጡን ቢተወው፣ የውስጡ ቁስል እየተኮማተረ በጠባሳ አፉን መልሶ ይቆልፈዋል። ስለዚህ ሁለቱም ገጽ መሠራት አለበት።

ሁለተኛ፣ መንጋጋው ተቆልፏል። አንዳንድ ጊዜ የሚቆልፈው ጠባሳ ብቻ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ አጥንት ተጣብቆ አንድ ሆኗል። ሐኪሙ ጠባሳውን ቆርጦ፣ አጥንቱንም ፈልፍሎ መክፈት አለበት። ጠባሳው ሲነሣ ቀዳዳው ከውጪ ይታይ ከነበረው በጣም ሰፍቶ ይገኛል።

ሦስተኛ፣ ማደንዘዣው ራሱ አስቸጋሪ ነው። በሌላ ቀዶ ጥገና የመተንፈሻው ቱቦ በአፍ ይገባል። አፉ በማይከፈት ሰው ላይ ግን በአፍንጫ በኩል በልዩ መሣሪያ እየታየ መግባት፣ ይህም ካልሆነ በጉሮሮ ላይ ቀዳዳ መከፈት አለበት። ይህን ሥራ የለመደ ባለሙያና ዝግጁ መሣሪያ በሌለበት ቦታ ቀዶ ጥገናው አይጀመርም። ሕመምተኞቻችን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው አዲስ አበባ የሚደርሱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

3. ከሌላ ቦታ የሚመጣ ሥጋ

የጎደለውን ለመሙላት ሥጋ ከሌላ የሰውነት ክፍል ይመጣል። ይህ በሁለት መንገድ ይሆናል፤ ልዩነቱንም ልብ ብለን እንይ።

አንዱ ስስ ቆዳ ከጭን ገፍፎ በቁስል ላይ ማልበስ ነው። በእሳት ለተቃጠለ ሰው የሚደረገው ይህ ነው። የተገፈፈው ቆዳ የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ከሥሩ ካለው ቁስል እየጠባ ይኖራል። በቀዳዳ ላይ ግን ከሥር የሚያጠባው ሥጋ የለም፤ ስለዚህ ይሞታል።

ሌላው መንገድ ሐኪሞች ፍላፕ የሚሉት ነው። ይኸውም ቆዳው ከነሥጋው፣ ከነደም ሥሩ ተነሥቶ ወደ ተጎዳው ቦታ የሚዛወርበት ነው። አርሶ አደሮቻችን የቡና ችግኝ ሲያዛውሩ ሥሩን ከነአፈሩ እንደሚያነሡት ነው። አፈሩ የረገፈበት ችግኝ ይጠወልጋል፤ ደሙ የተቋረጠበት ፍላፕም እንዲሁ ይጠቁራል። የዚህ ሕክምና ምስጢር ሁሉ ደም ሳይቋረጥ ሥጋን ማዛወር ነው።

ይህ ጥበብ ረጅም ዕድሜ አለው። በሕንድ አገር የተቆረጠ አፍንጫን ከግንባር በወረደ ቆዳ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ የዚህም ዜና እ.ኤ.አ. በ1794 ለንደን በሚታተም መጽሔት ወጣ። በኢጣልያ፣ በቦሎኛ ከተማ ጋስፓሬ ታልያኮዚ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1597 ባሳተመው መጽሐፍ ከላይኛው ክንድ ቆዳ አንሥቶ ከፊት ጋር የማያያዝን ሥራ አስተምሯል። በሽተኛው ክንዱን ከፊቱ ጋር ታስሮ ወደ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆይ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ሃሮልድ ጊሊስ የተባለ ሐኪም በእንግሊዝ አገር ፊታቸው የተጎዳ ወታደሮችን በዚህ ጥበብ አክሟል።

ዛሬ ለአፍ ጥገና ከሚሠራባቸው መንገዶች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

ሀ/ ከጎረቤት ከንፈር። ጉዳቱ በከንፈር ላይ ከሆነ፣ ከደህናው ከንፈር ጥቂት ተወስዶ ወደ ጎደለው ይዞራል። ኤስትላንደር እ.ኤ.አ. በ1872፣ አቤ ደግሞ በ1898 ያስታወቁት መንገድ ነው። ከንፈርን በከንፈር መተካት መልኩንም ቅርጹንም ያስማማል። በአቤ መንገድ ከሆነ ሁለቱ ከንፈሮች በቀጭን የሥጋ ድልድይ ተያይዘው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተዛወረው ሥጋ ከአዲሱ ቦታ ደም ማግኘት ይጀምራል፤ ከዚያ ድልድዩ ይቆረጣል።

ለ/ ከግንባር፣ ከአገጭ ሥር ወይም ከደረት። ጉንጩ ሰፊ ሆኖ ከጎደለ ከንፈር አይበቃም። ቫሃን ባካምጂያን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1965 ከትከሻና ከደረት ላይ የሚነሣውን ሰፊ ፍላፕ አስታወቀ። እርሱም ወደ ፊት ተዘርግቶ ይሰፋል፤ ደም የሚያመጣለት ድልድይ በአንገት ላይ እንደ ተንጠለጠለ ሳምንታት ይቆያል። ከአገጭ ሥር የሚነሣው ግን ቅርብ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ይጠናቀቃል። ጢም ላለው ሰው ግን በአፍ ውስጥ ጠጉር ሊያበቅል ስለሚችል ሐኪሙ አስቀድሞ ያስብበታል።

ሐ/ ከሩቅ ቦታ። ከክንድ ላይ ቆዳው ከነደም ሥሩ ፈጽሞ ተቆርጦ ይወጣል፤ ከዚያ የደም ሥሩ ከአንገት ደም ሥር ጋር ይሰፋል። የክንዱን ፍላፕ የቻይና ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1981 በጽሑፍ አስታውቀዋል። ክሩ ከጠጉር የቀጠነ ነው፤ ስፌቱም በማጉያ መነጽር ወይም በማይክሮስኮፕ እየታየ ነው። ጠቀሜታው ብዙ ነው፤ ቆዳው ታጥፎ የጉንጩን ውስጥና ውጪ በአንድ ጊዜ ይሠራል። አደጋውም እንዲሁ ብዙ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነርሶች ቀንና ሌሊት ቀለሙንና ሙቀቱን ይመለከታሉ። ቢነጣ ወይም ቢጠቁር የደም ሥሩ ተዘግቷል ማለት ነውና ሕመምተኛው ሳይውል ሳያድር ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ይመለሳል።

4. በአገራችን የተሠራው

አዲስ አበባ የሚገኘው የካቲት 12 ሆስፒታል፣ በቀድሞ ስሙ ቤተ ሳይዳ፣ በቃጠሎና በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና የታወቀ ነው። አለርትም መነሻው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ቢሆንም፣ በበሽታ የተጎዳ እጅንና ፊትን የመጠገን ረጅም ልምድ አለው።

ለምሥራቁ አገራችን ቅርብ የሆነ ስም ደግሞ ፕሮጀክት ሐረር ነው። ይህ በእንግሊዝ አገር የተቋቋመ በጎ አድራጎት ድርጅት ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከሐረር ከተማ ነው። ከንፈርና ላንቃቸው የተሰነጠቀ፣ ኖማ፣ ዕጢ ወይም የአውሬ ንክሻ ፊታቸውን የጎዳው የገጠር ሰዎች ወደ ሆስፒታል እንዲደርሱ ረድቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው ፌሲንግ አፍሪካም ቀዶ ሐኪሞችን፣ የማደንዘዣ ባለሙያዎችንና ነርሶችን እያሰባሰበ ለዓመታት ወደ አዲስ አበባ ሲልክ ነበር። ከላይ በሐ/ የተመለከትነው የደም ሥርን የመስፋት ሥራም በእነዚህ ዘመቻዎች አገራችን ውስጥ ተሠርቷል።

ልብ እንበል፤ ሐኪሞቹ በየመንደሩ ዞረው ሕመምተኛ አይፈልጉም። በጓዳ የተሸሸገችውን ልጅ የሚያውቃት ጎረቤቷ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የዕድሩ ዳኛ ወይም የጉባኤው ሽማግሌ ነው።

5. የቀዶ ጥገናው ቀን መጨረሻ አይደለም

አሁን ወደ ምሳሌያችን ልጃገረድ እንመለስ። አዲስ አበባ ሄዳ ታክማለች እንበል። ጉንጯ ተዘግቷል፤ አፏ የሦስት ጣት ስፋት ያህል ተከፍቷል። ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ ፎቶግራፍም ተነሥቷል። ሥራው ግን እኩሌታው ይቀራል።

የተለቀቀ መንጋጋ ካልሠራ መልሶ ይቆለፋል። ጠባሳ በባሕርዩ ይኮማተራልና። ስለዚህ ታካሚዋ በየቀኑ ደጋግማ አፏን የመክፈት ልምምድ ማድረግ አለባት። ሐኪሞች ምላስ የሚጫኑበትን ዓይነት ስስ እንጨት በጥርስ መካከል እየደራረቡ ያስገባሉ፤ ዛሬ ስምንት ከገባ በሚቀጥለው ሳምንት ዘጠኝ ለማስገባት ይሞከራል። ልምምዱ ያማል። ለወራትም ይቀጥላል። በሆስፒታል ሳለች ነርሷ ታስታውሳታለች። ከበዴሳ ወዲያ ባለው መንደር ግን ማን ያስታውሳታል? ሕመሙ ሲበረታ እናትዋ አዝና “ዛሬስ ይቅርባት” ብትል፣ ነገም ቢቀር፣ በስድስት ወር ውስጥ አፏ እንደ ገና ሊዘጋ ይችላል። ያ ሁሉ ድካም በከንቱ የሚቀረው በቀዶ ጥገናው ክፍል ብቻ አይደለም፤ በቤትም ነው።

ተስፋችንም ልክ ይኑረው። የተዛወረ ሥጋ ቀዳዳውን ይዘጋል፤ ምግብና ምራቅ ይይዛል፤ ንግግርን ያሻሽላል። ነገር ግን እንደ ተፈጥሮ ከንፈር በራሱ አይንቀሳቀስም፤ ቀለሙም ከፊቱ ሊለይ ይችላል፤ ጠባሳውም ይታያል። ብዙዎች ሁለትና ሦስት ጊዜ መመለስ ያስፈልጋቸዋል። ይህን አስቀድማ የሰማች ልጃገረድ በመስተዋት ራሷን ስታይ የሆነላትን ታያለች። “እንደ ድሮሽ ትሆኛለሽ” የተባለች ግን የቀረባትን ብቻ ታያለች።

6. የእኛ ድርሻ

በመጀመሪያ፣ የሕፃናትን አፍ እንመልከት። በምግብ እጥረት ወይም በኩፍኝ የተጎዳ ልጅ ሲያጋጥማችሁ ከንፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ድዱን እዩ። የሚደማ፣ የሚሸት፣ የቆሰለ ድድ ካለ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በዚያ ደረጃ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ አፍን ማጠብና የተመጣጠነ ምግብ ጉንጩን ሊያድኑት ይችላሉ። በጥቂት ብር የሚገዛ መድኃኒት በኋላ ስንት ሐኪም የሚደክምበትን ጉዳት ያስቀራል። የኩፍኝ ክትባትም በ9 ወርና በ15 ወር እንዳይታለፍ እናቶችን እናስታውስ።

ሁለተኛ፣ የተሸሸጉትን በአክብሮት እንፈልግ። ሃይማኖታቸውን ሳንጠይቅ፣ ብዙ ሰው ሳናስከትል፣ ቤተሰቡን በቋንቋቸው እናነጋግር። በአካባቢያችን አብዛኛው ሕዝብ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ስለሆነ፣ ወደ አዲስ አበባ አብሮ የሚሄደውም አስታማሚ ሁለቱንም ቋንቋ ቢችል ሕመምተኛዋ ሐኪሟን መጠየቅ ትችላለች።

ሦስተኛ፣ ሕመምተኛውን እናዘጋጅ። ገና ትኩስ የሆነ ቁስል ወዲያው አይጠገንም፤ ቁስሉ ደርቆ ጠባሳው እስኪረጋ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይጠበቃል። በዚህ ጊዜ ምግቡ ይስተካከል፤ የደም ማነሱና ወባው በቅርብ ሆስፒታል ይታከም። ሲጋራ የሚያጨስ ይተው፤ የደም ሥርን ያጠባልና ፍላፑን ሊገድለው ይችላል። ጫትም የደም ሥርን የሚያጠብ ነገር ስላለበት በሕክምናው ዘመን ይቁም። ይህን በጫት አገር መናገር ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ግን ሳይነገር የታለፈ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

አራተኛ፣ ጊዜውንና ወጪውን አስቀድመን እንቁጠር። ሥጋው በድልድይ ተያይዞ ሳምንታት የሚቆይ ከሆነ አስታማሚውም ያን ያህል ይቆያል። እርሻው ማን ይጠብቃል? የቀሩት ልጆች ማን ዘንድ ያድራሉ? ብዙ ሕመምተኛ ሕክምናውን የሚያቋርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ጉባኤ ሊሸከመው የሚችለው ሸክም ይህ ነው።

አምስተኛ፣ ፎቶግራፍ። እንደ እኛ ያሉ ጋዜጦች የደጋፊዎችን ልብ ለመንካት የተጎዳ ፊት ማሳየት ይቀናቸዋል። ሰውዬው ወይም ወላጆቹ ገብቷቸው፣ “አይሆንም” ማለት እንደሚችሉና ቢሉም ሕክምናው እንደማይቀርባቸው አውቀው ካልፈቀዱ በቀር አናንሣ፣ አናትም።

ስድስተኛ፣ ከተመለሱ በኋላ እንጎብኛቸው። እንጨቶቹን ቁጠሩ፤ ቁጥሩንም በደብተር ጻፉ። ከቀነሰ ሳትዘገዩ ለሐኪሙ አስታውቁ። በመጨረሻም ለምግብ ጥሯቸው፤ እነርሱም ይጥሯችሁ። ከአንድ ትሪ አብሯቸው የሚበላ ሰው ማግኘታቸው፣ የቀዶ ጥገናው ግብ ከመሆኑም በላይ ልምምዱን እንዳይተዉ ያበረታቸዋል።

የተዛወረ ሥጋ በአዲሱ ቦታ እስኪጸና ደም የሚያመጣለት ድልድይ ያስፈልገዋል፤ ድልድዩን ያለ ጊዜው የቆረጠ ሐኪም የለፋበትን ያጠፋል። ወደ ሕክምና የላክነውንም ሰው አፉ ጸንቶ እስኪከፈት ድረስ መሐል መንገድ ላይ አንተወው።

ለመወያያ የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ከንፈሩ ተሰንጥቆ በተወለደ ሕፃንና ኖማ በጎዳው ሕፃን መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ለቤተሰቡ የምንናገረውስ እንዴት ይለያል?

2. በአካባቢያችሁ ድዱ የቆሰለ ሕፃን ቢገኝ በዚያው ቀን የሚያየው የጤና ባለሙያ የት አለ? ማን ይወስደዋል?

3. ከእናንተ መንደር አንድ ሰው ለሁለት ወር አዲስ አበባ ቢታከም እርሻውንና ልጆቹን ለመጠበቅ ጉባኤው ምን ማድረግ ይችላል?

4. ታክሞ የተመለሰ ሰው በየቀኑ ልምምዱን እንዲያደርግ የሚያስታውሰው ማን ይሁን? አሁኑኑ ስም ጥሩ።